አንብብ ሲባል ደብተር የሚቀዳድድ ልጅ፦ የስሜት ሥልጠና ይጠቅመዋል?

እናት ከገርጂ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል። አምና ነገሩ ስላላማረኝ አስመረመርኩትና ዲስሌክሲያ (ፊደልና ንባብ ላይ የሚያስቸግር የመማር ችግር) አለበት ተባልኩ። ጭንቅላቱ ፈጣን ነው፤ የሰማውን ተረት ከነአነጋገሩ ይደግመዋል፣ ሒሳብ በቃል ከጠየቃችሁት ቶሎ ይመልሳል። ፊደል ላይ ግን ካዕብና ሳልስ ይምታቱበታል፤ «ቡ»ን እና «ቢ»ን ዛሬ ይለይና ነገ ይረሳዋል። «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ሲያወርደው ለሰማው ሰው ፊደል የጨረሰ ይመስላል፤ ጣቴን አንዱ ላይ ሳሳርፍ ግን ከመጀመሪያው ቆጥሮ ነው የሚደርስበት።

ጥያቄዬ ከንባቡ ይልቅ ስለሚከተለው ነገር ነው። ክፍል ውስጥ በየተራ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ አለ። ተራው ሊደርስ ሁለት ሦስት ልጅ ሲቀር ሽንት ቤት ልሂድ ይላል። ካልተፈቀደለት ወይ ደብተሩን ይቀዳድዳል፣ ወይ አጠገቡ ያለውን ልጅ ይመታል። ከዚያ በመገናኛ ደብተሩ ላይ «ሥርዓት የለውም» ተብሎ ይጻፍበታል። ቤት ሲመጣ ጥግ ይዞ ያኮርፋል። «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም»። አለቀ።

አሁን አንድ ማዕከል ቅዳሜ ቅዳሜ «የስሜት ብልህነት ሥልጠና» እንሰጣለን ብሎኛል። ክፍያው ቀላል አይደለም። ያሳዩኝ ሰሌዳ አራት ቀለም አለው፤ በየቀለሙ ሥር የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረውበታል። ማንበብ ላቃተው ልጅ! ልጁን ያስገባችሁ አላችሁ? ወይስ ገንዘቡን ለንባብ አስጠኚ ላውለው?

ታዛቢ አባት

እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ልጁ የሚናደደው ማንበብ ስላቃተው ነው። ጫማ ጠቦት የሚያለቅስን ልጅ አተነፋፈስ አያስተምሩትም፤ ጫማውን ይቀይሩለታል። የኔም ልጅ እንዲሁ ነበረች፤ ጥሩ አስጠኚ አግኝተን ማንበብ ስትጀምር ጠባይዋም አብሮ ተስተካከለ። «የስሜት ብልህነት» የሚባለው ነገር ለድርጅት ሥራ አስኪያጆች ሲሸጥ ነበር፤ አሁን ደግሞ ወደ ልጆቻችን መጣ።

ሰናይት 21

እኔም ተመሳሳይ ልጅ ስላለኝ እየተከታተልኩ ነው።

የልዩ ፍላጎት መምህርት

ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅር በሉኝ፤ የየቀን ሥራዬ ስለሆነ ነው።

ታዛቢ አባት፣ ግማሹን እስማማለሁ፤ እንዲያውም ካንተ በላይ ልበለው። ንባቡ ሳይታገዝ የስሜት ሥልጠና ብቻውን ከተሰጠ፣ ልጁ ውርደቱን ዝም ብሎ እንዲሸከም ማለማመድ ይሆናል። እንዲህ የሚያደርጉ ቦታዎች አይቻለሁ። ልጁ ጸጥ ሲል «ተሻሻለ» ይላሉ።

ግን ዲስሌክሲያ በአንድ ክረምት ጥናት የሚያልፍ ነገር አይደለም። ድምፅንና ፊደልን በቅደም ተከተል እያገናኙ፣ ደጋግሞ በማስተማር ንባቡ ይሻሻላል፤ ለብዙዎቹ ግን ዓመታት ይወስዳል። ልጁ እነዚያን ዓመታት ሁሉ በየጠዋቱ እዚያው ክፍል ይገባል፣ ተራውም ይደርሰዋል። ያንተ ልጅ ቶሎ መያዟ ደስ ይላል፤ ሁሉም አይይዝም።

እናት ከገርጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ሽንት ቤት መጠየቁን እንደ ማምለጫ ነው ያየሽው? እኔ ስትጽፊው ደስ አለኝ። ልጁ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ነገር እየመጣ መሆኑን ከፍንዳታው ቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። ሰው ሳይመታ፣ ደብተር ሳይቀድ ከቦታው ዞር ለማለት ይሞክራል። ትልቅ ሰው እንኳ ስብሰባ ላይ ሲናደድ የሚያደርገው ይኸው አይደል? ሥልጠናው ሊያስተምረው የሚሞክረውን ነገር ልጁ በራሱ ጀምሮታል፤ ሲከለከል ነው ወደ መቅደዱና ወደ መምታቱ የሚሄደው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከልጁ ጋር ሳይሆን ከክፍል አስተማሪው ጋር ነው። አንድ ትንሽ ካርድ ይኑረው፤ ሥዕል ብቻ፣ ጽሑፍ የሌለበት። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጣት ሳይጠየቅ ወጥቶ ውኃ ጠጥቶ ይመለሳል። ሁልጊዜ ከንባቡ እንዳያመልጥባት ደግሞ ሲመለስ ለአስተማሪው ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ከቤት የተለማመደውን አንዲት መስመር ያነባል። የትኛው መስመር እንደሚደርሰው ከዋዜማው ቢነገረው የፍርሃቱ ግማሽ ይወርዳል።

አሁን ወደ ሰሌዳው። ባለ አራት ቀለሙን ያወጣችው ሊያ ካይፐርስ የምትባል አሜሪካዊት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (የዕለት ተዕለት ክህሎትን የምታለማምድ ባለሙያ) ናት፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። ሰማያዊው ድካም፣ ሐዘን፣ መፍዘዝ ነው። አረንጓዴው የረጋና ለመማር የተዘጋጀ። ቢጫው ሞቅ ያለ ስሜት ነው፤ ጭንቀትም ሊሆን ይችላል፣ ከልክ ያለፈ ደስታም። ቀዩ ከቁጥጥር የወጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን እንደ ጠባይ ማርክ ይያዛል። «ዛሬ ቀይ ነበርክ፤ ነገ አረንጓዴ ከሆንክ ከረሜላ አለህ» ይባላል። ከዚያ በኋላ የትኛው ልጅ ነው እውነቱን የሚናገር? ሁሉም አረንጓዴ ነኝ ይላል። አራቱም ቀለሞች የተፈቀዱ ናቸው፤ ጥያቄው «እዚህ ቀለም ላይ ስሆን ምን ይረዳኛል?» የሚለው ብቻ ነው።

የመማር ችግር ላለበት ልጅ ደግሞ አቀራረቡ ይለያል። ብዙዎቹ አሁን የሰሙትን ለጥቂት ጊዜ በአእምሮ ይዞ መቆየት ይከብዳቸዋል። «ቁም፣ ተንፍስ፣ ስሜትህን ሰይም፣ አማራጮችህን አስብ፣ አንዱን ምረጥ» ብትይው ሦስተኛው ላይ ጠፍቶበታል፤ ተናዶ ሳለ ደግሞ አንዱንም አይዝም። ስለዚህ ቃሉ ይነስ፣ ምስልና እንቅስቃሴ ይብዛ፣ ልምምዱ በሰላሙ ሰዓት ይሁን። የስሜት ቃልም ከአራት አምስት አይብለጥ፦ ፈራሁ፣ አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ ሰለቸኝ፣ ደስ አለኝ። እያንዳንዱን ከሰውነት ጋር አያይዢው። ሲፈራ ሆዱ ነው የሚረበሽ? እጁን ነው የሚያልበው? ሲያፍር ጆሮው ይግላል? «ምን ተሰማህ?» ለሚለው «ምንም» የሚል ልጅ «የት ጋ ነው የተሰማህ?» ሲባል እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል።

ሳይኮ ተማሪ

መምህርት በጣም እናመሰግናለን። ለታዛቢ አባት አንድ ማስረጃ ልጨምር፦ በ2011 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ደርላክና ባልደረቦቹ 213 በትምህርት ቤት የተሰጡ የማኅበራዊና የስሜት ትምህርት ፕሮግራሞችን ሰብስበው አጥንተዋል። በጠቅላላው ከ270 ሺህ በላይ ተማሪዎች ነበሩ። ትምህርቱን ያገኙት ልጆች በጠባይ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ውጤትም በ11 ፐርሰንታይል ነጥብ (ከመቶ ተማሪ መካከል በሚይዙት ደረጃ) በልጠው ተገኝተዋል። የቅንጦት ነገር አይደለም ማለቴ ነው።

ቁጥር አጣሪ

ሳይኮ ተማሪ፣ ያ ጥናት ትልቅና የተከበረ ነው፤ እዚህ የውይይት ክር ላይ ግን አይሠራም። ደርላክ የሰበሰባቸው ለሁሉም ተማሪ የሚሰጡ ፕሮግራሞችን ነው፤ የመማርም ሆነ የጠባይ ችግር ያልታወቀባቸውን ልጆች። የገርጂዋ እናት ልጅ ዓይነቱ በመስፈርቱ ከጥናቱ ውጭ ነው። ማዕከሎች 11ን በብሮሹር ላይ ሲያወጡት ይህን አይነግሯችሁም።

ለዚህ ክር የሚቀርበው ሌላ ነው። «ፓዝስ» የሚባል ሥርዓተ ትምህርት አለ፤ ማርክ ግሪንበርግና ካሮል ኩሼ መጀመሪያ ያዘጋጁት መስማት ለተሳናቸው ልጆች ነበር። ቋንቋ ሲያጥር ስሜትን በንግግር ማስተዳደር እንደሚከብድ ስላዩ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 18 የልዩ ትምህርት ክፍሎችን በዕጣ ከፋፍሎ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ 133 ልጆችን ተከታትሏል። ትምህርቱ የተሰጠው ለአንድ ዓመት፣ በራሳቸው አስተማሪዎች ነው። ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላም አስተማሪዎቹ የሚያዩት የጠባይና የውስጥ ጭንቀት ችግር እድገቱ ዝግ ብሎ ነበር፤ ልጆቹ ራሳቸው የሚናገሩት የድብርት ምልክትም ቀንሷል። 133 ልጅ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ቢሆንም ስለ እንደዚህ ዓይነት ልጆች ነው።

ልብ በሉ፦ በየቀኑ ከልጆቹ ጋር የሚውለው አስተማሪ ነው ያስተማረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ሕንፃ ውስጥ የሚያገኙት እንግዳ ሰው አይደለም።

ሳይኮ ተማሪ

መስፈርቱን አላየሁትም ነበር፤ አመሰግናለሁ።

የልዩ ፍላጎት መምህርት

የቁጥር አጣሪን የመጨረሻ አንቀጽ ሁለቴ አንብቡልኝ። እኔ ከማዕከሎቹ ጋር ያለኝ ትልቁ ጥል እሱ ነው። ልጁ ቅዳሜ በተረጋጋ ክፍል፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ቆንጆ አድርጎ ይተነፍሳል። ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ኳስ ሲቀሙት ግን ያ ትምህርት አብሮት አይወጣም። ክህሎቱ ከተማረበት ቦታ ውጭ እንዲሠራ ሆን ተብሎ እዚያው ቦታ ላይ መለማመድ አለበት።

ፓዝስ ላይ ያለችው ኤሊ ግን ደስ ትለኛለች፤ ከእሱም በፊት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበረች ዘዴ ናት። ተናዳጇ ኤሊ ቅርፊቷ ውስጥ ትገባለች፤ ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ትንሽ ዝም ይላል፣ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ምን እንዳስቸገረው ይናገራል። ጽሑፍ አያስፈልጋትም፤ እጁም ስለተጣመረ አይመታም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከዚህ ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ። የኔ ልጅ የመማር ችግር አለበት ተብሎ አይ ኢ ፒ ተዘጋጅቶለታል፤ የግል የትምህርት ዕቅድ ማለት ነው። ብዙ የኛ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ስብሰባው ላይ ወላጅ የሚባለው እንዲገባው ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ በፌዴራል ሕግ አለበት። ልጃችሁን ወይም ታላቅ እህቱን እንዲያስተረጉሙ አታድርጉ፤ ስለ ራሱ ድክመት የሚባለውን ልጁ ራሱ ሲያስተረጉም አስቡት።

ሁለተኛ፣ በዕቅዱ ውስጥ የንባብ ግብ ብቻ ሳይሆን የስሜትና የማኅበራዊ ግብም እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል። ለኔ ልጅ መጀመሪያ «ስሜቱን ይቆጣጠራል» ብለው ጽፈው ነበር። ይህንን ማን ይለካዋል? አስቀየርኩት፦ «በንባብ ሰዓት ሲጨንቀው፣ ከአስተማሪው በአንድ ማስታወሻ ካርዱን ያሳያል፣ ከዕረፍቱም ተመልሶ ሥራውን ይጀምራል»። አሁን ተደረገ ወይ አልተደረገም ማለት ይቻላል።

ሌላው ችግራችን ልጁ ትምህርት ቤት የሚማረው የስሜት ቋንቋ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቤት የሚቆጡት በአማርኛ። አያቱ ጋ ሲመጣ ያ ሁሉ ትምህርት በር ላይ ይቀራል። አስተማሪዋ የምትጠቀምባቸውን ሥዕሎች ለምኜ ወሰድኩና ፍሪጅ ላይ ለጠፍኳቸው፤ እማዬም በራሷ አነጋገር ስም አወጣችላቸው። አሁን «ዛሬ የትኛው ነህ?» ብላ የምትጠይቀው እሷ ናት።

ጡረተኛ መምህር

ልጆቼ፣ የምትሉትን ሁሉ አነበብኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርኩት በየተራ እያስነበብኩ ነው። ልጅን ከሚከብደው ነገር ሁሉ ዞር ማድረግ ያሞላቅቃል እንጂ አያጠነክርም። በኛ ጊዜ የቄስ ትምህርት ቤት ኩርኩም ነበር፤ ፊደልም ቆጠርን፣ ዳዊትም ደገምን። ካርድ እያሳየ የሚወጣ ልጅ ነገ በሥራ ቦታው ካርድ ማን ያቀርብለታል?

ይልቅ በቃል የሚጠነክር ልጅ ከሆነ በቃሉ አጫውቱት። እንቆቅልሽ አለ አይደል? «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» ማታ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ይጫወት። ጠያቂው እሱ ይሁን፤ ትልልቆቹ ሳይመልሱ ቀርተው አገር ይስጡት። ልጅ ትልቅ ሰው አላወቅሁም ሲል ማየት አለበት።

የልዩ ፍላጎት መምህርት

ጋሼ፣ ስለ ኩርኩሙ ከእርስዎ ጋር አልስማማም፤ በኩርኩሙ ፊደል የቆጠሩትን እናውቃቸዋለን፣ በኩርኩሙ ሸሽተው የቀሩትን ግን ማንም አልቆጠራቸውም። ካርዷም ቢሆን እስከ መጨረሻው አትቆይም፤ ሲለምድ በእጅ ምልክት፣ ቀጥሎ በዓይን ትተካለች።

እንቆቅልሹን ግን ለክፍሌ እወስደዋለሁ። በስሜት ላይ ማድረግ ይቻላል፦ «እንቆቅልህ፤ ስሜ ሲጠራ ልቤን የሚያስሮጠኝ፣ እጄን የሚያልበኝ?» ማንበብ አይጠይቅም፣ ልጁም ስለ ራሱ እየተናገረ መሆኑ አይታወቅበትም። ለዚህ ዕድሜ ወንድ ልጅ «ስለ ስሜትህ እናውራ» ከማለት አሥር እጥፍ ይሻላል።

የአዳማ እናት

የኔዋ ሴት ናት፤ አራተኛ ክፍል። አትመታም፣ አታኮርፍም፣ ደብተሯ ንጹሕ ነው፤ ከሰሌዳ እየገለበጠች ነው እንጂ የጻፈችውን አታነበውም። አስተማሪዋ «ጨዋ ልጅ ናት» ይሉኛል። እሑድ ማታ ግን ሆዴን አመመኝ ትላለች። ሐኪም ቤት ወስጄ ምንም የለባትም ተባለ። ይህም ከዚሁ ነው?

የልዩ ፍላጎት መምህርት

ሊሆን ይችላል። ሕመሙ እሑድ ማታ ብቻ ከመጣና በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ከጠፋ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ደብተር የሚቀድ ልጅ ቢያንስ ይታያል፤ እንዳንቺ ልጅ ያሉት በጨዋነታቸው ተሸፍነው እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚደርሱ አሉ። ሐሰት እየተናገረች አይደለም፤ ሆዷን እውነት ያማታል። «ውሸትሽን ነው» አይባልም። «ሆድሽ ስለ ነገ ምን ይላል?» ብለሽ ጀምሪ፤ ንባቧንም በቶሎ አስመርምሪ።

በነገራችን ላይ እነዚህ ልጆች ላይ ሌላ የሚታለፍ ነገር አለ፤ ተረብ። አንዳንዶቹ የሰውን የፊት ገጽታና የድምፅ ቃና ማንበብም ይቸግራቸዋል። ጓደኛቸው ለሳቅ የተናገረውን ከምር ይወስዱትና ወይ ይማታሉ ወይ ለሳምንት ይቆስላሉ። ቤት ውስጥ አንዱን ዓረፍተ ነገር በሁለት ዓይነት ድምፅ እየተናገራችሁ «ይሄ ቀልድ ነው ወይስ ቁጣ?» ብሎ መጫወት ይረዳል።

ታዛቢ አባት

እሺ፣ ስለ አስተማሪው የተባለው ገብቶኛል። ማዕከሉን ግን አሁንም አላምነውም። ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት ምን ትጠይቃቸው?

የልዩ ፍላጎት መምህርት

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው «ከልጄ የክፍል አስተማሪ ጋር ትነጋገራላችሁ ወይ?» ነው። አይ ካሉ እዚያው ላይ አቆማለሁ። ከዚያ ዕቃቸውን አሳዩኝ እላለሁ፤ ማንበብ ለማይችል ልጅ የሚሆን ሥዕል በአማርኛ ንግግር አላቸው ወይ? ልጁ በፈነዳ ሰዓት ምን ያደርጋሉ? «እንቀጣዋለን» ወይም «ሽልማቱን እንቀንሳለን» የሚል ቦታ ስሙን ብቻ ነው የለወጠው። ወላጅንስ ምን ያስተምሩታል? «ዲስሌክሲያን እናድናለን» ካሉ ደግሞ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የአካቶ ትምህርት (ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ከሌሎች ጋር አብረው የሚማሩበት) ድጋፍ መስጫ ማዕከል አላቸው፤ የወረዳሽን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የትኛው ቅርብ እንደሆነ ጠይቂ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ስላለው፣ ከዚያ የወጡ አስጠኚዎችን ማፈላለግ ይቻላል።

እናት ከገርጂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማዕከሉን ጠይቄአለሁ። ከአስተማሪ ጋር አንነጋገርም፣ «የልጁን ግላዊነት ለመጠበቅ» አሉኝ። ስለዚህ ትቼዋለሁ፤ ገንዘቡ ለንባብ አስጠኚ ይሆናል።

የክፍል አስተማሪውን አነጋገርኳቸው። በአንድ ክፍል ያሉት ልጆች ብዙ ናቸው፤ ለአንዱ ካርድ ከሰጠሁ ሁሉም ይጠይቀኛል አሉ። እውነታቸውን ነው መሰለኝ። ግን የሚያነበውን መስመር ከዋዜማው ለመንገር ተስማምተዋል፤ በስልክ ይልኩልኛል። እንቆቅልሹን ጀምረናል፤ አባቱን በየማታው አገር ያስሰጠዋል። ካርዷን በተመለከተ ምን ልበላቸው?

የልዩ ፍላጎት መምህርት

ለሁሉም ይስጡ በያቸው። ከምሬ ነው። እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት ሁለት ካርድ ይኑረው። አብዛኞቹ በመጀመሪያው ሳምንት ለጨዋታ ይጨርሷታል፣ ከዚያ ይሰለቻቸዋል፤ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ብቻ ይቀጥሉባታል። ያንቺም ልጅ ለብቻው ምልክት አይደረግበትም። ሥዕሉን የምሠራው እኔ ነኝ፤ በውስጥ መልእክት ልላክልሽ፣ ፎቶ ኮፒ አድርገሽ ቆርጠሽ ውሰጂላቸው። ሥራው ከእሳቸው ላይ ከቀነሰ እንቢ አይሉም።

ሰናይት 21

ለኔም ይላክልኝ እባክሽ።